«በዝባዣችን ናቸው» ያልን ቀን

ጋሽ ደምሴ ያን ቀን ሲሄዱ ቃሉን አለማወቃችንን አውቀው ነበር? ወይስ ያልነውን እንዳልነው ይዘውት ሄዱ? ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን ሙሉ በማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬ፣ ለዚህች ለአንዲት ጥያቄ መልስ ማግኘት አቅቶኛል።

ሰሞኑን ከመገናኛ ወደ ገርጂ በታክሲ ስሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ የሹራቧ ክር በአንገቷ በኩል ተመዝዞ ወጥቶ አየሁ። ጣቴ ሳላዘው ተነሣ። የሹራብ ክር ትክክለኛውን ጫፍ ካገኙለት እስከ ታች ይተረተራል፤ ይህን ከእኔ ይልቅ ጣቶቼ ያስታውሱታል። እጄን ሰብስቤ በመስኮት ወደ ውጭ ዞርኩ። ኢምፔሪያል ደርሰናል። ዛሬ ፎቁ ከፎቅ የተደገፈበት እዚያ ግድም ነበር የሹራብ ፋብሪካችን።

ያኔ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲያ ያለው አገር ገጠር ነው። የጤፍ ማሳ፣ የባሕር ዛፍ አጥር፣ ክረምት ሲገባ እግር የሚነክስ ጥቁር ጭቃ። ከኮተቤ በኩል የምንመጣ ሴቶች ጫማችንን በእጃችን ይዘን እንሄድና በሩ ላይ ካለው በርሜል ውሃ ቀድተን፣ እግራችንን ታጥበን እንገባለን። ውስጡ የሱፍ፣ የማሽን ዘይትና የካውያ እንፋሎት ይሸታል። ምሳችን በጾም ሽሮ በቃሪያ ነው፤ በፍስክም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያው ሽሮ ነበር።

የፋብሪካው ባለቤት ጋሽ ደምሴ ሰው አያባርሩም። በዚህ ነበር የሚታወቁት። ማሽን ጣቱን የቆረጠው ሰውዬ ዘበኛ ሆነ። የወለደች ሴት ስትመለስ ቦታዋ ይጠብቃታል። ወንዙ ሞልቶ መሻገሪያ ሲጠፋ በቮልሳቸው ዞረው ይመጡና፣ አንዳችንን በአንዳችን ላይ ጭነው ይወስዱናል። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ደግሞ ክር ከውጭ መግባቱ ቀረ። ሌሎች ፋብሪካዎች ሠራተኛ መቀነስ ጀመሩ። እኛም ተራችንን ስንጠብቅ፣ መጋዘን የተከማቸውን ያልተሸጠ ሹራብ አስወጡና «በሉ፣ ተርትሩት» አሉን።

«ተርትረንስ ጋሼ?»

«እንደገና ትሠሩታላችሁ።»

ዝም ብሎ ተቀምጦ ደሞዝ የሚቀበል ሰው አንገቱን ይደፋል ብለው ነው። ስለዚህ ወራቱን ሙሉ ተረተርን፣ ሠራን፣ መልሰን ተረተርን። ክሩ እየሳሳ፣ ሹራቡም እያጠረ ሄደ። ክር የምታጠነጥነው እትዬ ወርቄ አንዱን ሰማያዊ ሹራብ ወደ ላይ ብድግ አድርጋ «ይሄንንስ ከባሌ ይበልጥ አወቅሁት!» ስትል የሳቅነው ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

እትዬ ወርቄ የቡልጋ ሰው ናት። አብዛኞቻችን ከጉራጌ፣ ከሰላሌ፣ ከወላይታ መጥተን አማርኛን የለመድነው ከተማ ገብተን ነው፤ ማንበብ የምንችልም አልነበርንም። በዚያ ዘመን ሬዲዮው በየቀኑ አዲስ ቃል ያመጣ ነበር። ቃል ሲከብደን የምንጠይቀው እሷን ነው። አላውቅም ብላ አታውቅም።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ዘበኛው ከቢሮው በር ላይ የሰማውን ይዞልን መጣ። «ነገ ካድሬዎች ይመጣሉ። ጋሼ በዝባዥ ስለመሆናቸው ሠራተኛው ይመሰክራል ተብሏል። የሳቸው ነገር በእናንተ አፍ ነው።»

«በዝባዥ ምንድን ነው?» ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር።

እትዬ ወርቄ ማጠንጠኛዋን እንኳ አላቆመችም። «ከመብዛት ነዋ! የሚያበዛ፣ እጁ የማይሰስት። ለሳቸው ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው?»

«ባንመሰክርላቸውስ?» አለች ከወዲያ አንዷ።

«ይወስዷቸዋላ!» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ዝምተኛ፣ ነገ ደግሞ አፍሽን ለጉመሽ እንዳትቀመጪ።»

በማግስቱ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ካውያ ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። ሁለት ካድሬዎች ነበሩ፤ የሚናገረው አንደኛው ነው፣ ጢሙ ገና ያልሞላ ወጣት። ጋሽ ደምሴን ከፊታችን አቁመዋቸዋል። እትዬ ወርቄ በርጩማዋን ልታቀብላቸው ብድግ ስትል «ተቀመጪ እናቴ» አላት ወጣቱ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ጓዶች! ይህ ሰውዬ በዝባዥ ነው ወይስ አይደለም? ሳትፈሩ ተናገሩ!»

«ናቸው እንጂ!» አለች እትዬ ወርቄ። «ይሄ ምን ጥያቄ አለው? ክር ጠፍቶ እንኳ ሹራብ እያስተረተሩ በዝብዘውናል!»

ወጣቱ ያልጠበቀው ነገር ነበር መሰለኝ። ወዲያው ግን አነሣው። «ሰማችሁ ጓዶች? አሠርቶ ያስፈርሳል፣ አስፈርሶ ያሠራል! እናንተስ?»

«በዝባዣችን ናቸው!» አልን በአንድ ድምፅ። ጭብጨባው፣ እልልታው ዝናቡን ዋጠው። እኔ ዝምተኛዋ ከሁሉም በላይ ጮህኩ።

ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አወለቁ። ፊታችንን እየዞሩ አዩት፤ እኛም ፈገግ እያልን አየናቸው። ከዚያ ቀን ሁሉ አሁን ድረስ ማስታወስ የሚከብደኝ ፈገግታችን ነው።

«የምትለው አለ?» አላቸው ወጣቱ።

«እነሱ ካሉ፣ ነኝ» አሉ።

ትሕትናቸው ነው ብለን እንደገና አጨበጨብን። ካድሬዎቹ በመጡበት ላንድሮቨር ውስጥ ሲያስገቧቸው እትዬ ወርቄ ጃንጥላ ይዛ እስከ መኪናው ሮጠች። ስትመለስ ዝናብ በሚንጠባጠብበት ፊቷ «ሹመት ነው፣ ታዩ የለ!» አለችን። መኪናው ጭቃ እየረጨን ሲሄድ እጃችንን እያውለበለብን ሸኘናቸው።

አልተመለሱም። መስከረም ጠባ፤ ሠራተኛው በየሳምንቱ ውይይት ይቀመጥ ተባለ፣ አንድ ተማሪም አዳዲሶቹን ቃላት እንዲያስረዳን ተላከ። ፊውዳልን አስረዳ፣ አድኃሪን አስረዳ። ከዚያ «በዝባዥ ማለት የሠራተኛውን ላብ የሚመጥ መዥገር ነው» አለ። «እንደ ድሮው ባለቤታችሁ። ራሳችሁ አይደላችሁ የመሰከራችሁበት?»

እትዬ ወርቄ ቀስ ብላ ተነሣች።

«ከመብዛት አይደለም እንዴ፣ ልጄ?»

ልጁ ሳቀ። ሌላ የሳቀ የለም።

በነጋታው እትዬ ወርቄ ቃሏን ልትመልስ ወጣቱ ካድሬ ቢሮ ሄደች። ምን እንዳላት የነገረችው እኔን ብቻ ነው። «እናቴ፣ ተሳስተሽ እውነቱን ተናግረሻል፤ አሁን ወደ ቤትሽ ግቢ» ብሎ ሸኛት። ከዚያ በኋላ አማርኛ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ መንግሥት የሾመው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ክር ስለሌለ ብሎ ግማሾቻችንን አሰናበተ፤ መጀመሪያ ከወጡት አንዷ እሷ ነበረች። ወደ አገሯ ገባች ሲባል ሰማሁ።

እኔ ቦሌ የጋሽ ደምሴ ቤት ሄጄ ነበር። ባለቤታቸው በበሩ ቀዳዳ አዩኝና «ደግሞ ምን ቀራችሁ?» ብለው ሳይከፍቱልኝ ተመለሱ። ያኔ አንድን የታሰረ ሰው «በዝባዥ አይደለም» ብሎ በር ላይ ቆሞ መጮህ ራስን ማሳሰር ነው። ተመለስኩ። በዚያው ወር የማታ ትምህርት ቤት ተመዘገብኩ። ከሕፃናት መጽሐፍ ጀምሬ ፊደል ስቆጥር አስተማሪዎቹ ለምን እንደምቸኩል ይገርማቸው ነበር። ከእንግዲህ ወዲያ የቃል ፍቺ ከሰው አፍ አልቀበልም ብዬ ነው።

ብዙ ቆይቼ፣ ሰዋስው ከተማርኩ በኋላ፣ አንዲት ማጽናኛ አገኘሁ። የጠላ ሰው «በዝብዞናል» ይላል። እኛ «በዝብዘውናል» ነው ያልነው። ካድሬው «ይህ ሰውዬ» ሲላቸው እኛ አንድም ጊዜ ከ«እሳቸው» አልወረድንም። ጋሽ ደምሴ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ይህን ሳይሰሙ አይቀሩም እያልኩ፣ ያችን አንዲት «ው» እንደ ምስክር ይዣት ኖርኩ።

ባለፈው ጥር የዓይን ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ ነርሷ «ሰብለ ደምሴ» ብላ ስትጠራ ቀና አልኩ። ግንባሯ የአባቷ ነው። ምርመራዋን ጨርሳ ስትወጣ ጠብቄ «የአባትሽ ሠራተኛ ነበርኩ» አልኳት። ፊቷ ሲጠቁር አየሁ፤ ቢሆንም አጠገቤ ተቀመጠች። ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ከመተርተሩ ጀምሬ ነገርኳት። የእትዬ ወርቄን ፍቺ፣ ጭብጨባውን፣ ጃንጥላውን ነገርኳት። በመጨረሻም ያችን «ው» ነገርኳት።

«በአክብሮት ነበር ያላችሁት?» አለችኝ።

«በአክብሮት።»

እንደ አባቷ መነጽሯን አወለቀች ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን አላወለቀችም። ዓይኗ ጠብታ ተደርጎበት ስለነበር እያለቀሰች ይሁን አይሁን እንኳ መለየት አልቻልኩም።

«እስር ቤቱ በር ላይ የነበረው ዘበኛም ሥርዓት ያለው ሰው ነበር» አለችኝ። «ሳህኑን ለእናቴ በሁለት እጁ መለሰላትና ‹እናቴ፣ ከእንግዲህ ስንቅ አያምጡ› አላት።»

ይህኛው ማንንም ሳልጠይቅ ገባኝ።