ማኅተም የሌለው ደብዳቤ

ዲላ ውስጥ በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት ሕዝብ ግንኙነት ሆኜ ዘጠኝ ዓመት የጻፍኩት «በደማቅ ሥነ ሥርዓት ተከበረ» የሚል ዜና ነበር። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ጠርቶኝ ከእንግዲህ ድረ ገጹን አንተ ትይዘዋለህ አለኝ። እሺ አልኩ። እምቢ ለማለትም ጉልበት ያስፈልጋል።

ልታሠለጥነኝ ከአዲስ አበባ የመጣችው ልጅ ገጻችንን ከፈተች። ከላይ እስከ ታች ሥራ አስኪያጁ ነበር፤ ሪባን ሲቆርጥ፣ ችግኝ ሲተክል። ቡና የሚባል ነገር የለም። ገዢ ኢንተርኔት ላይ የሚፈልገው ቡናውን እንጂ አለቃችሁን አይደለም አለችኝ። ገዢ ሲፈልግ የሚጽፈውን ቁልፍ ቃል መምረጥን፣ የገጽ ርዕስ አሰጣጥን፣ ፎቶ ማሳነስን በአርባ ሁለት ዓመቴ እንደ ተማሪ ደብተር ላይ ጻፍኩ። አልወደድኩትም፤ አልጠላሁትምም።

መጀመሪያ ገጹ ላይ ያወጣሁት ከጨለለቅቱ ከተማ ወዲያ ያሉ ጥቂት ገበሬዎችን ቡና ነበር። ቡናቸው በየዓመቱ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ይሸጣል። ለብቻው የሚገዛ ከተገኘ ግን በስማቸው እንደሚሸጥ፣ የተሻለም እንደሚከፈላቸው ሥራ አስኪያጁ ቃል ገብቶላቸው ነበር። ወኪላቸው ሽማግሌ ሞተር ላይ ከኋላ ተቀምጠው ዲላ ድረስ እየመጡ ስለ መሬቱ፣ ስለ ጥላ ዛፉ፣ ስለ አጠባው አጫወቱኝ። እንደነገሩኝ ጻፍኩት።

ኅዳር ላይ አንድ የውጭ ገዢ በገጹ በኩል መልእክት ላከ። ናሙና ላኩልኝ፣ ከወደድኩት ለብቻው እገዛዋለሁ ይላል። መልስ መስጫው እዚያው ፊቴ ነበር። እኔ ግን መልእክቱን አትሜ መዝገብ ቤት ወሰድኩት። በእኛ ቤት ገቢ ቁጥር ያላገኘ፣ አለቃ ያልመራው ወረቀት ደብዳቤ አይባልም። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ማኅተም የለውም ብላ ካንገራገረች በኋላ ተቀበለችኝ። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ነበር፤ ከስብሰባው ደግሞ መስክ ወጣ። ወረቀቱ ከወር በላይ ዞሮ ጠረጴዛዬ ላይ ሲመለስ «ለሕዝብ ግንኙነት፤ ተገቢው መልስ ይሰጥ» ተብሎ ተመርቶበታል።

በዚያው ዕለት መልስ ሰጠሁ። ገዢው በማግስቱ ጻፈልኝ፤ ብጠብቅ ብጠብቅ ዝም ስላላችሁ ከሌላ ገዛሁ ይላል፣ በትሕትና። ማፈር እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ ግን ምንም አልተሰማኝም። ሄጄ ምሳዬን በላሁ። ማንም አልተቆጣኝም፣ ሥርዓቱን ጠብቄ ነበርና። ቡናውም እንደ ወትሮው ተቀላቅሎ ተጫነ።

ሽማግሌው ይህን አልሰሙም። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥተው በሩ ላይ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ከፈረንጅ አገር እስካሁን ማንም አልጻፈም?»

«አልጻፈም፣ አባባ።»

ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«አንተ የምትችለውን አድርገሃል፤ አትዘን» አሉኝ፤ እስከ ምሳ ሰዓትም ሲያጽናኑኝ ቆዩ።