ምስለ ችሎት በእህል መጋዘን

በዚያ ክፍል የነበርነው አምስት ነን። ስማችሁን ሳላስፈቅድ አልጽፍም፤ ራሳችሁን ግን ታውቁታላችሁ። በሩ ሥር የአንደኛ ዓመቱ የሕግ ተማሪ፣ ከእሱ ቀጥሎ መነጽሩን በክር ያሰረው የአራተኛ ዓመቱ፣ ቀጥሎ ቀልደኛው የኩታበር ልጅ፣ እሱም የሕግ ተማሪ፤ ጥግ ላይ ከአጅባር ወዲያ የመጡት ሼህ፣ ከሼሁ አጠገብ እኔ፣ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤቱ።

የተያዝኩት መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ማሽኔ ፊት ቆሜ ነው። ተማሪዎቹ ለአዲሶች አቀባበል ያወጡትን መርሐ ግብር ያባዛሁት እኔ ነበርኩ። ሻይና ዳቦ፣ ትውውቅ፣ ክርክር፣ በመጨረሻም ምስለ ችሎት፤ ተማሪዎች ዳኛ፣ ጠበቃና ምስክር ሆነው የሚለማመዱበት ማለት ነው። ወረቀቱን ያየ አንድ ሰው ስብሰባው ሌላ ዓላማ አለው አለ። ሦስቱን ተማሪዎች አቀባበሉ ከተሰናዳበት አዳራሽ ወሰዷቸው፣ እኔን ከሱቄ። ሼሁ ቀድመውን ገብተዋል፤ ጥፋታቸው የማያውቁትን መንገደኛ ማሳደር ነው።

ክፍሉ የእህል መጋዘን ነበር። የስንዴ ገለባ ሽታ ከግድግዳው አልወጣም። ሲሚንቶው አጥንት ድረስ ይበርዳል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ቆርቆሮው ይንጣጣል።

«አብሽሩ ልጆቼ» አሉ ሼሁ። «እህል ያደረበት ቤት ክፉ አይደለም።»

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የአንደኛ ዓመቱ ልጅ ገና እህል አልቀመሰም ነበር። የኩታበሩ ልጅ አየት አደረገውና «አቀባበልህን አበላሹብህ አይደል?» አለው። «ሻዩ ቀርቷል፤ ችሎቱ ግን አይቀርም።»

«ዳኛ የታለ?» አለ ባለ መነጽሩ።

«አባባ አሉልን።»

«እኔ ሰው አስታርቃለሁ እንጂ የእናንተን ሕግ የት አውቄ?» አሉ ሼሁ።

«አንቱ የዳኙትን ያህል እኛ አላነበብንም» አለ የኩታበሩ ልጅ።

ሼሁ ሳቁና ጉዳዩን ራሳቸው ሰጡን። የአንዱ ሰው ንብ ከቀፎው ወጥቶ የጎረቤቱ ወይራ ላይ አረፈ፤ መንጋው የማን ነው? የኩታበሩ ልጅ ለባለ ቀፎው ቆመ፣ ባለ መነጽሩ ለባለ ወይራው። እኔን የባለ ቀፎው ምስክር አደረጉኝ። የአንደኛ ዓመቱ ልጅ ሥነ ሥርዓት አስከባሪ ሆኖ «ተነሡ!» ብሎ ሲጮህ በራሱ ድምፅ ደንግጦ ሳቀ። ከዚያ እስካሁን ያልነካውን ዳቦ ቆረሰ።

እኔ በዝርዝር የምኮራ ሰው ነኝ፤ ጠርዙ የተዛባ ገጽ ለደንበኛ አልሰጥም። ያነበብኩትም የሰው መጽሐፍ ሳባዛ ነው። ስለዚህ አሳምሬ መሰከርኩ፤ መንጋው ከረፋዱ አራት ሰዓት ከቀፎው ሲወጣ፣ ወንዙን ሲሻገር፣ ወይራው ላይ ሲያርፍ አይቻለሁ አልኩ።

«ሲያርፍ የት ቆመህ ነበር?» አለኝ ባለ መነጽሩ።

«ወይራው ሥር።»

«ከዚያ ሆነህ ከወንዙ ማዶ ያለው ቀፎ ይታይሃል?»

«አይታየኝም።»

«ታዲያ ሲወጣ እንዴት አየኸው?»

«ሰው ነው የነገረኝ።»

«ወይኔ ምስክሬ!» ብሎ የኩታበሩ ልጅ ራሱን ያዘ። «ንቡንም ማሩንም አስወሰድክብኝ!»

ሼሁ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ነገሩ እንዲያምርልህ ብለህ ነው የሞላኸው» አሉኝ። «ምስክር ግን ያላየውን ጎደሎ እንደጎደለ ይተወዋል።»

ጆሮዬ ጋለ። ገና ሳልቀመጥ በሩ ተከፈተና ተጠራሁ።

መርማሪው ክፉ ሰው አይመስልም ነበር። ጉንፋን ይዞት እጁን እያሟሟቀ ይጽፋል። ሁለት ገጽ ወደ እኔ ገፋ አደረገ።

«ፈርምና ቤትህ ግባ።»

ላንብበው ብዬ ጠየቅሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ አዳራሹ ውስጥ እንደነበርኩ፣ ሦስቱ ተማሪዎች ሁከት ለማስነሣት ሲመክሩ በጆሮዬ እንደሰማሁ ተጽፏል። በእኔ ፊርማ እነሱ እዚያው ሊቀሩ ነው።

«አዳራሽ አልገባሁም» አልኩ።

«ወረቀቱን ያባዛኸው አንተ አይደለህ?»

«እኔ ነኝ። እሱን እፈርማለሁ።»

«ካልፈረምክ ትመለሳለህ።»

ቤቴን አሰብኩ። «እመለሳለሁ» አልኩት። «ያልሰማሁትን ግን ሰማሁ ብዬ አልፈርምም።»

ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ተመለስኩ። ማንም ምን ሆንክ አላለኝም፤ ሼሁ የጋቢያቸውን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

ከሳምንት በኋላ ሁላችንንም ለቀቁን። ምክንያቱ አልተነገረንም፤ የእኔ እምቢታ ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም።

ዛሬም የተማሪ ወረቀት አባዛለሁ። መርሐ ግብር ይዞ የሚመጣ ተማሪ ሳይ ደስ ይለኛል። ያን ቀን ረፋድ ባትስቁብኝ ኖሮ እፈርም ነበር ብዬ እፈራለሁ፤ ስለ ሳቃችሁ አመሰግናችኋለሁ። ለሼሁም፣ በሕይወት ካሉ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።

እዚህ የጻፍኩት ያየሁትንና የሰማሁትን ነው። ከእኔ በኋላ እናንተም አንድ በአንድ ተጠርታችኋል፤ እዚያ ምን እንደተባላችሁ፣ ምን እንደመለሳችሁ አላውቅም። ቦታውን ባዶ ትቼላችኋለሁ። የነበራችሁ ሙሉት።