የኢምራን ክንድ

ኢምራን ሽኩር መቀመጥ አልሆነለትም። እራት ላይ ከጠረጴዛው ሥር እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ግራ እጁ ሳያስበው የቀኝ ክርኑን ጠባሳ ይዳብሳል። ፍሪጁን ይከፍትና ምንም ሳያወጣ ይዘጋዋል። እናቱ ሙፈሪሓት፣ "ምን ነካህ ልጄ? እስቲ አንድ ቦታ እረፍ!" ስትለው፣ "አይም ፋይን፣ ማሚ" ብሎ የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ይወጣል። ወዴት እንደሚሄድ ግን አያውቅም። ከሰፈራቸው ከዊተን ተነስቶ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ይነዳና፣ እዚያ ምንም ጉዳይ ስለሌለው ዞሮ ይመለሳል።

በፈረንጆቹ 2013 የጁን ወር ነው። ኢምራን ሃያ ዓመቱ ነው፤ ቤዝቦል ይጫወታል፣ ያውም ፒቸር ነው፣ ኳሷን ለመቺው የሚወረውረው። ሐበሻ ሆኖ ቤዝቦል! የሰፈሩ ልጆች በሙሉ እግር ኳስና ባስኬት ላይ ሲረባረቡ እሱ ብቻውን ፈረንጅ መሀል ገብቶ እስከ ኮሌጅ ደረሰበት። የቨርጂኒያ አንድ ዩኒቨርስቲም ሊወስደው ቃል ገባለት። ከዚያ ባለፈው ዓመት የጸደይ ጨዋታ ላይ ኳስ ሲወረውር ክርኑ ውስጥ የሆነ ነገር ጧ አለ። ሐኪሞቹ ከእጅ አንጓው ጅማት ወስደው በተበጠሰው ቦታ ተኩለት። ከዚያ ወዲህ ከዓመት በላይ ሌሎች ሲወረውሩ ቁጭ ብሎ አየ። ለእሱ ከቀዶ ጥገናው ይልቅ የከበደው ቁጭ ማለቱ ነበር።

አሁን ሐኪሙ ድነሃል ብሎታል። ችግሩ ክንዱ ይህን የሰማ አይመስልም። ትከሻው ይዞራል፣ እግሩ ይረግጣል፣ ሁሉም እንደ ድሮው ነው። ኳሷን ሊለቅ ሲል ግን፣ በዚያች የመጨረሻ ቅጽበት፣ ክንዱ ይሰስታል። ኳሷም ለመቺው የተመቸች ሆና ትደርሳለች።

የቡድኑ ኮች ነገሩን በግልጽ አስቀምጦለታል። ቅዳሜ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ላይ ጨዋታውን የሚጀምረው ኢምራን ነው፤ የዩኒቨርስቲው አሰልጣኝም መጥቶ ያየዋል። እንደ ድሮው ከወረወረ በመስከረም ቦታው አለ። ካልወረወረ ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል። ሌላ ዕድል የለም።

ቤዝቦልን ያመጣበት አጎቱ ተውፊቅ ነው፣ የእናቱ ታናሽ ወንድም። ተውፊቅ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ባለታክሲ ነው፤ ሚስትም ልጅም ስለሌለው ትርፍ ሰዓቱ ሁሉ ለእህቱ ልጅ ነበር። ኢምራን የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ሰው ደጁ ላይ አሮጌ ዕቃ ዘርግቶ ሲሸጥ አየና የቤዝቦል ጓንት ገዛለት። የግራኝ ጓንት፣ ቀኝ እጅ ላይ የሚጠለቅ፣ መሆኑን ማን ይንገረው? ልጁ በቀኙ የሚወረውር ሆኖ ሳለ፣ ያንን ጓንት በማይሆነው እጁ ላይ በግድ አጥልቆ፣ አውራ ጣቱን የማርያም ጣት ቤት ውስጥ ወትፎ አንድ ሙሉ በጋ ተጫወተበት። ተውፊቅ ደግሞ ከሕንጻው ጀርባ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ በዚያ ሙቀት የበረዶ ካፖርቱን ለብሶ ይቆምና ይወረወርበታል። ካፖርቱ መከላከያ መሆኑ ነው። የጨዋታው ሕግ እስከ መጨረሻው አልገባውም። ኳሷ በትክክል ስትገባም፣ ስታ የሰው መኪና ስትመታም፣ የወሎ ሰው አይደል፣ "አብሽር!" ይላል።

ኢምራን ከተጎዳ በኋላ የተውፊቅ ሰላምታ ተቀየረ። ጤና ይስጥልኝ ቀርቶ "ክንዱስ እንዴት አደረ?" ሆነ። በጃንዋሪ ቤት ሊሠራ ኮምቦልቻ ከሄደም በኋላ በየሳምንቱ እየደወለ ይህንኑ ይጠይቅ ነበር። ከሜይ አጋማሽ ወዲህ ግን ድምፁ ጠፋ። ኢምራን ቢደውል አይነሳም።

"ማሚ፣ አንክል ተውፊቅን ኮል አደርገዋለሁ፣ ፒክ አያደርግም" አላት አንድ ቀን።

"ኔትወርክ የለም። ገጠር ወጥቷል አሉ" አለች፣ ዕቃ ከምታጥብበት ዞር ሳትል።

የእኛ ሰው ክፉ ነገር ሲደብቅ ተባብሮ ይደብቃል፤ ተባብሮም ያስታውቅበታል። ኢምራን ሲገባ ስልክ ይዘጋል። አባቱ ሽኩር፣ በወጉ "ደህና ዋልክ" የማይለው ሰው፣ ድንገት ስለ አየሩ ሁኔታ ማውራት ይጀምራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ሙሉ የሚመጡ ዘመዶች ብቅ ማለት ተዉ። እናቱ ዓይኗ ቀልቶ ትገባና "ሽንኩርት ነው" ትላለች፣ ወጥ በማይሠራበት ሰዓት። አባቱ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አንድ ጥቁር ሻርፕ ተጠቅልሎ አየ፤ የእናቱ ነው። ከቤት ስትወጣ ቀለም ያለው ለብሳ ነበርና ግራ ገባው፣ ግን አላቆመበትም፤ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር።

ሐሳቡ ኢፋት ላይ ነበር። ኢፋት የእናቱ ጓደኛ ናት፤ እሱ ለክንዱ ሕክምና የሚመላለስበት ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ ላይ ትሠራለች። በክሊኒኩ ያለፈውን ሁሉ እሷ ታውቃለች፣ እሷ ያወቀችውን ደግሞ እናቱ ታውቃለች። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ሆነለት። ሐኪሙ ለእሱ ድነሃል አለው እንጂ እውነቱ ሌላ ነው፤ ክንዱ አልቆለታል። ቤተሰቡ ሰምቶ ቅስሙ እንዳይሰበር ደበቀው። ተውፊቅም ሰምቶ "ክንዱስ?" ብሎ መጠየቅ ስለጨነቀው መደወል ተወ። ከሁሉ ያሳመመው ይህ የተውፊቅ ዝምታ ነበር። ሌላው ሁሉ ቢያዝንለት ይችለዋል፤ ካፖርት ለብሶ የቆመለት ሰው ተስፋ ሲቆርጥበት ግን ምን ይባላል?

ሐሙስ ዕለት ልምምድ ላይ ክንዱ እንደለመደው ሰሰተ። ኮቹ ጠጋ ብሎ፣ "ኢምራን፣ ክንድህን እንደ እንቁላል ነው የያዝከው። ልቀቀው እንጂ!" አለው። እንዴት ይልቀቀው? ሁሉም ሰው ሊሰበር ነው ብሎ የሚንሾካሾክበትን ነገር ማን በሙሉ ኃይሉ ይወረውራል?

ያን ቀን ቤት እንደገባ በቀጥታ እናቱ ፊት ቆመ።

"ማሚ፣ ኢፋት ምን አለችሽ?"

ሙፈሪሓት የያዘችውን ፎጣ ጣለች። "ማን? ኢፋት? ምን ነገረችህ?"

"እኔን አይደለም። የምትደብቁኝ ነገር አለ። አይ ኖው።"

ፊቷ አመድ መሰለ። ጎንበስ ብላ ፎጣውን አነሳች፣ አጠፈችው፣ መልሳ ፈታችው። "ቅዳሜ ይለፍ የኔ ልጅ" አለች በመጨረሻ። "አንተ ቅዳሜን ተጫወት። እሁድ እንነጋገራለን።"

ኢምራን ክንዱን በስሙ ጠርቶ ቢጠይቃት ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልደፈረም። የመጨረሻ ጨዋታውን ይጫወትና ከዚያ እንነግረዋለን እያሉ ነው ብሎ ደመደመ፤ መኝታ ቤቱም ገብቶ ከግድግዳ ግድግዳ ተመላለሰ።

ቅዳሜ ከቤተሰቡ ቀድሞ ብቻውን ወጣ። ቤት ውስጥ አየር ያጠረው ስለመሰለው ሰዓቱ ሳይደርስ ቨርጂኒያ ገባ። ሴቨን ኮርነርስ ላይ ውሃ ሊገዛ ሲወርድ አንድ ሽበታም ሰው በስሙ ጠራው። መንገሻ ይባላል፣ ከተውፊቅ ጋር ታክሲ የሚነዳ ሰው ነው። አቅፎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

"እግዜር ያጽናህ። ተውፊቅን የመሰለ ሰው! ጤነኛ ሰው ማታ ተኝቶ ጠዋት አይነሳ? ለቅሶው ላይ ብፈልግህ እኮ አጣሁህ፤ ፈተና ላይ ነው አሉኝ።"

መንገሻም የልጁን ፊት ሲያይ ምን እንዳደረገ ገባው፤ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ።

"ወይኔ! አልነገሩህም? አፌን በቆረጠው! እባክህ ልጄ፣ መንገሻ ነገረኝ እንዳትል!"

"ኢትስ ኦኬ" አለ ኢምራን። "ኢትስ ኦኬ፣ ጋሼ መንገሻ። መቼ ነው?"

"ወር አልፎታል። ሜይ ላይ ነው።"

መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ፤ የተዘጋው ስልክ፣ ሽንኩርቱ፣ ጥቁሩ ሻርፕ፣ እሁድ። መጀመሪያ የመጣበትም ሐዘን አልነበረም። መጀመሪያ የመጣበት፣ "ክንዴ አይደለም" የሚል ነገር ነው። ክንዴ ደህና ነው! ደረቱ ላይ ተቀምጦ የከረመው ነገር ብድግ ብሎ ሄደ፣ ረጅም ትንፋሽ ወጣው፣ ፈገግም አለ። መስተዋቱ ውስጥ የገዛ ፈገግታውን አየው። ያኔ ነው የደነገጠው። አጎቱ፣ ያሳደገው ሰው፣ ሞቶ እሱ መኪና ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ፈገግ ይላል። ሊያለቅስ ሞከረ፤ እንባው እንቢ አለ። ደጋግሞ "ተውፊቅ ሞቷል" አለ ለራሱ። ውስጡ ግን በእፎይታ ተሞልቶ ለሌላ ነገር ቦታ አልነበረውም። እንደዚያች ሰዓት ራሱን ጠልቶ አያውቅም።

መመለስ አማረው። ከዚያ እናቱን አሰበ። ወንድሟን አልቅሳ ሳታበቃ፣ እሱ ፊት ባለቀለም ሻርፕ እየለበሰች፣ እንባዋን በሽንኩርት እያሳበበች የከረመችው ለዚህ ለዛሬው ቀን ነው። ቁልፉን አዞረና ወደ አሌክሳንድሪያ ነዳ።

ሜዳ ላይ ሲቆም ሽኩርና ሙፈሪሓት ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው አያቸው። እናቱ ቢጫ ሻርፕ አድርጋለች። ከሩቅ እጇን አወዛወዘችለት፣ ሳቀችም። ያንን ሳቅ ለማምጣት ምን እንዳወጣች አሁን ያውቃል። ቶሎ ፊቱን አዞረና ኳሷን ጨበጠ።

የመጀመሪያዋን ወረወረ። ክንዱ አልሰሰተም። ኳሷ የተቀባዩን ጓንት ስትመታ የተሰማው ድምፅ ከዓመት በፊት የሚያውቀው ድምፅ ነበር፤ መቺው ዱላውን ያወዘወዘው ኳሷ ካለፈች በኋላ ነው። ሁለተኛዋንም ወረወረ፣ ሦስተኛዋንም። ኮቹ ከተቀመጠበት ተነስቶ ቆመ። ኢምራን ግን ደስ አላለውም፤ እየተናደደ ነበር የሚወረውረው። አንዲቷን እንኳ ቢስት ትንሽ ይቀለው ነበር። እያንዳንዷ ያማረች ኳስ "ስለሞተ ነው ያማርኩት" የምትለው እየመሰለው፣ በተናደደ ቁጥር ይበልጥ እያማረለት ሄደ። ሲጨርስ የዩኒቨርስቲው አሰልጣኝ መጥቶ ጨበጠውና በመስከረም እንገናኝ አለው። ሽኩር በሰው ፊት ልጁን ሳመ።

መርዶ ማለዳ ነው የሚነገረው። እሁድ ገና ሳይነጋ ሳሎኑ በሽማግሌ ተሞላ። የመስጊዱ ሼህ መጡ፣ ኢፋት ከባሏ ጋር መጣች፣ የፎቁ ጎረቤት አቶ ለገሰም ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ኢምራንን ከመኝታው ጠርተው መሀላቸው አስቀመጡት። ሼሁ ስለ ዱንያ አላፊነት ጥቂት ተናግረው፣ "ልጃችን፣ አጎትህ ተውፊቅ ወደ አኼራ ሄዷል። አላህ ሶብሩን ይስጥህ" አሉት።

ሁሉም እስኪጮህ ጠበቁት። አልጮኸም። ጉልበቱን ያያል፤ እግሩ ይንቀጠቀጣል። ሙፈሪሓት ጥቁሯን ሻርፕ ለብሳ ከጎኑ ተቀመጠችና ጀርባውን ታሻሽ ጀመር። እሷም ከወር በኋላ ልጇ ፊት ማልቀስ ተፈቅዶላት ታለቅሳለች።

"ይቅር በለን" አለችው። "ለአንተ ብለን ነው። ብትሰማ ኖሮ ትናንት እንደዚያ አትወረውርም ነበር።"

ዝም ብሎ ቢያልፈው ማንም አያውቅበትም። መንገሻም አደራ ብሎታል። እሷ ግን ደግማ፣ "አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን አልሰማህ" አለች።

"ሰምቼ ነበር፣ ማሚ።"

እጇ ጀርባው ላይ ቆመ።

"መቼ?" አለች።

"ትናንት። ሳልጫወት በፊት።"

"ታዲያ እንዴት ብለህ ወረወርክ?"

"የምትደብቁኝ ክንዴን መስሎኝ ነበር" አለ። አማርኛው እየተደናቀፈበት ነበር፣ ቢሆንም ወደ እንግሊዝኛው አልሸሸም። "ክንድህ አልዳነም ልትሉኝ መስሎኝ ነበር። ተውፊቅ ነው ሲሉኝ… ቀለለኝ። ደስ አለኝ፣ ማሚ። ለዚህ ነው የወረወርኩት።"

ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ኢፋት አፏን በእጇ ያዘች። ሙፈሪሓት በሰማችው ነገር ልጇን ልትቆጣውም ልታጽናናውም አልቻለችም። ከዚያ ቀኝ እጁን ወደ ጭኗ ሳበች፣ የፒጃማውን እጅጌ ጠቀለለች፣ ጠባሳው ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች።

"ክንዱስ እንዴት አደረ?" አለችው።

ኢምራን ሊመልስላት አፉን ከፈተ። "ደህና" ሊል ነበር። ቃሉ አልወጣም፤ እናቱ ጭን ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ።