ሸክሜን ይዤ እስከ ጉቴ

የልጄ ልጅ የተራራ ጫማ ገዝታ ሳሎኑ ውስጥ ትንጎራደድበታለች፤ እግሯን ልታለማምድ ነው አሉ። አዲሱ ቆዳ ቤቱን ሞልቶታል። ሽታው ነቀምት ወሰደኝ፤ በጃንሆይ ጊዜ፣ ሞራ እያሸሁ ያለሰለስኩት የወታደር ከስክስ ተረከዜን ሲልጠኝ ወደነበረበት የክረምት መግቢያ። ንዴቱም አብሮ መጣ። ይኸው ስንት ዘመን አልፎ እንኳ ሳስበው አንጀቴ ያራል።

ያኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሕፃናት ማስተማር የጀመርኩ ልጃገረድ ነበርኩ። ጂኦግራፊ ያስተማረችን ስዊድናዊት መምህርት ለክረምት አገሯ ስትገባ አንዲት ልጅ ይዛ ልትሄድ አሰበች። እዚያ ወጣቶች ልብስና ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ ተራራ ለተራራ ለሳምንታት በእግራቸው ይጓዛሉ። "ለምን?" ብላት "ደስ ስለሚል" አለችኝ። አልገባኝም። ግን ባሕር ማዶ ነውና በእንብርክኬም ቢሆን እሄዳለሁ አልኩ።

እሷ ደግሞ ቀልድ አታውቅም። የሸራ ቦርሳ ሰጠችኝና "ሞልተሽ ተሸክመሽው፣ ከነቀምት እስከ ጉቴ ገበያ በእግርሽ ድረሺ። ማንም እንዳያግዝሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ስለምውል እጠብቅሻለሁ" አለች። ከቻልኩ እሄዳለሁ፤ ካልቻልኩ ሌላ ልጅ ትፈልጋለች። የምሞላው ዕቃ ስላልነበረኝ ቦርሳውን በቆሎ ሞላሁት።

ይህ ምን ይቸግራል ትል ይሆናል። መንገዱ መች ቸገረኝ፤ ሰዉ እንጂ!

እኛ አገር ሸክም የከበደውን ሰው አይቶ ማለፍ ነውር ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ገና ከሰፈራችን ከጨለለቂ ሳልወጣ አንድ ጎረምሳ ቦርሳዬን ካልተቀበልኩሽ ብሎ ታገለኝ። ከሱ እንደምንም ስላቀቅ አንዲት የጨው ነጋዴ ከነአህያዋ ደረሰችብኝ። "ያ ኢንተለ! አንቺ ልጅ፣ አህያ እያለ ወገብሽን ልትሰብሪ ነው?" አለች። አልፈልግም ብላት ይሉኝታ የያዘኝ መሰላት፤ ቦርሳውን ከጀርባዬ መንጭቃ ከጨው አሞሌው ላይ ጫነችው። አውርጂልኝ እያልኩ ስለምናት ጉቴ ደረስን። መምህርቷ ገበያው ዳር ቆማ፣ እኔ እጄን እያወናጨፍኩ ከአህያ ኋላ ስከተል አየችኝ። ራሷን ነቀነቀችና በሚቀጥለው ቅዳሜ ድገሚው አለችኝ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ። ከከተማው ወጣ ብዬ ለቅሶ የሚሄዱ ሽማግሌዎች አገኘሁ። ልጃገረድ ዕቃዋን አዝላ ብቻዋን ከከተማ ስትወጣ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ከቤተሰቧ ተጣልታ ኮብልላለች። እንዲህ ያለችውን ሳያስታርቁ ማለፍ ደግሞ ለሽማግሌ ትልቅ ውርደት ነው።

"ኤሰ ዴምታ? ወዴት ነው?" አሉኝ።

"ጉቴ።"

"ጉቴ ማን አለሽ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ምን ልታደርጊ?"

"ደርሼ ልመለስ።"

አንደኛው ቦርሳዬን ከፈተ። በቆሎ! "አያችሁ፣ ቀለቧን ይዛ ነው የወጣችው። ጠቡ የከረረ ነው" አለ። ለቅሷቸውን ትተው ከፊትና ከኋላ አጅበው ወደ ቤት መለሱኝ። መንገድ ላይ ያየን ሁሉ "አይዞሽ" ይለኛል። አይዞሽ! እኔ በንዴት ላለቅስ ምንም አልቀረኝ፤ እነሱም ይህንኑ እያዩ ይበልጥ ያዝናሉ።

አባቴ ኮርቻ ሰፊ ነበር፤ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ይሠራል። "ዝም አይነቅዝም" ባይ ነበርና ስለ ጉዞዬ ከሰማ ጀምሮ እሺም እንቢም ብሎኝ አያውቅም። ከሰዉ ሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ያ ዝምታው ነበር።

"ምን በደለችህ?" ብለው ጠየቁት።

"ምንም።"

"አንተስ ምን በደልካት?"

"ምንም። ባሕር ማዶ ልትሄድ ነው። በእግሯ።"

"እዚያ መኪና የለም?"

"ሞልቷል ይላሉ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መኪና ባለበት አገር በእግሯ ልሂድ የምትል ልጅ ምን ያህል ብትከፋ ነው? ጥፋቱ የአባት ነው፣ ይካሳት ብለው ፈረዱ። "ኧረ አልተጣላንም!" ብዬ ጮኽኩ። "አየህ፣ እንዴት እንዳስመረርካት" አሉት።

አባቴ ወስፌውን አስቀመጠ። "ክፉ አላደረግኋትም" አለ። "ከሄደች አትመለስም ብዬ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።"

ቦርሳዬን ከጀርባዬ አወረድኩ።

ካሳሽ ምንድን ነው ሲሉኝ ግን አላመነታሁም። "ቦርሳዬን ማንም ሳይነካብኝ ጉቴ ልድረስ!" አልኩ። እንዲህ ሆኖ አባቴ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከፊቴ እየሄደ መንገዱን እንዲያስከብርልኝ ተፈረደበት። መምህርቷም የመጨረሻሽ ነው ብላኝ ነበር።

ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ የታረሰው መሬት ይሸት ነበር። አባቴ ዱላውን ይዞ ቀደመ። ላገኘው ሰው ሁሉ "አልተጣላችም፤ ተዋት። የፈረንጅ ጣጣ ነው" ይላል ፊቱን አኮሳትሮ። ጥቂት እንደሄድን "መልመጃ ነው" ማለት ጀመረ። ጉቴ ስንቃረብ ደግሞ ቆሞ ሰላምታ ይሰጥና "ኢንተለ ኮቲ፣ ልጄ ናት። ተራራ ልታቋርጥ ነው" ይላል። ማሳው መሀል ጎንበስ ብሎ ለሚያርስ፣ ቀና ብሎ እንኳ ላላየን ሰው ሳይቀር ጮኾ ተናገረ።

"አባዬ፣ አልጠየቀንም እኮ! ረፈደብን!"

"ባይጠይቅስ? ይወቀው።"

መምህርቷ ቦርሳው ጀርባዬ ላይ እንዳለ ስታይ እጄን ጨበጠችኝ። በዚያው ክረምት ሄድኩ፤ ተራራውንም እንደ ሰዉ አቋረጥኩ፤ መስከረም ላይ ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ስለ በረዶው፣ ፀሐይ አልጠልቅ ስለሚልበት አገር ልነግረው ቸኩያለሁ። እሱ ግን "መንገድ ላይ ማን አስቆመሽ?" አለኝ።

"ማንም።"

"የማን ልጅ ነሽ፣ ወዴት ነሽ ያለሽ የለም?"

"የለም። እጃቸውን አንስተው ያልፋሉ።"

"ሸክምሽንስ የተቀበለሽ?"

"አባዬ፣ እንደዚያ እኮ ነው የሚኬደው!"

"አይ ልጄን" አለ፤ "ያን ሁሉ አገር ብቻሽን!" እናቴን ጠርቶ ውኃ አሙቂ አላት። እግር ማጠብ የልጅ ሥራ ነው፤ አባት የልጁን እግር ሲያጥብ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። እሱ ግን በርከክ ብሎ እግሬን ገንዳው ውስጥ አስገባ። ተው፣ ደህና ነኝ፣ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት እያልኩ ተነጫነጭኩ። እንደዚያ ያዘነልኝ ሰው ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም። አባቴ አልሰማኝም፤ የቆሰለውን ተረከዜን በዝግታ ያጥብ ነበር።