የሚጋጭ ውሃ

የሥራ ባልደረቦቹ «ቀጥ አርገው» ይሉታል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ቧንቧ ሲዘረጋ ከአፉ የማትለየው ቃል ይቺው ስለነበረች ስሙ ሆና ቀረች። ውሃ ልክ ሳያስቀምጥ ብሎን አያጠብቅም። ኩርባ የበዛበት መስመር ሲያይ ፈትቶ እንደገና ካልዘረጋው አይወጣም። «ኩርባ የውሃን ጉልበት ይበላል» ይላል፤ እውነቱን ነው። እሱ በዘረጋው መስመር አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው እንኳ ሻወር ከፍቶ ተራግሞ አያውቅም።

ባለቤቱ ደግሞ ጡረታ ከወጣች ጀምሮ ሳሎኑን ለሁለት የከፈለ የመስተዋት ገንዳ አላት። የጨው ውሃ፣ ድንጋይ፣ አራት ዓሣ፣ ከሁሉም በላይ ኮራል። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው፣ የሚበላ፣ የሚቆጣ ፍጥረት ነው። የእሷ ትልቁ ኮራል ከአንድ ግንድ የወጡ ሰባት ራሶች ነበሩት፤ በየራሱ ላይ ጫፋቸው አረንጓዴ የሆነ ለስላሳ ጣቶች ይወዛወዛሉ። አንድ ራስ ሆኖ የገባውን በዘጠኝ ዓመት ሰባት አደረሰችው።

ሐኪሞች «ተኝተሽ መታከም አለብሽ» ያሏት ዕለት ቦርሳዋን እየዘጋች አዘዘችው።

«ምግባቸውን ጠዋት ጠዋት፣ ቁንጥር ብቻ። ውሃው ሲጎድል የተጣራ ጨምር፤ ጨው እንዳትነካ። ፓምፖቹንም እንዳትነካ።»

«እኔን ነው ስለ ፓምፕ የምትመክሪኝ?»

«አንተን ነዋ! ሌላ ማን ይነካዋል?»

ሳቁ። ብቻውን በቀረ በሁለተኛው ቀን ወንበር ስቦ ገንዳው ፊት ተቀመጠ። ሦስት ትንንሽ ፓምፖች አሉ። ሁለቱ ከግራና ከቀኝ ፊት ለፊት ተፋጥጠዋል። ሦስተኛው ለኮራሉ ጀርባውን ሰጥቶ መስተዋቱን ይገፋል።

«ሁለቱ ይጣላሉ፣ አንዱ ግድግዳ ይገፋል» አለ ለራሱ። «ውሃ ወቀጣ!»

ባለቤቱ ስትመለስ ኮራሏ አምሮበት እንድታገኘው ፈለገ። ሦስቱንም ነቅሎ በአንድ ጎን በውሃ ልክ አሰልፎ አሰራቸው፤ አፋቸውን ቀጥ አድርጎ ወደ ኮራሉ መለሰ። ምርጡ ውሃ ለምርጡ። ጣቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተኙ። ጥሩ ግፊት ነው ብሎ ደስ አለው።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ትደውላለች።

«ተከፍቷል?»

«እንደ አበባ።»

የመጀመሪያው ቀን እውነት ነበር። በሦስተኛው ቀን ራሶቹ ተኮማትረው ወደ ውስጥ ገቡ። ውሃ አነሳቸው ብሎ ግፊቱን ጨመረ። በአምስተኛው ቀን ሥጋው እየተቀደደ ነጭ አጥንቱ ወጣ። «ተከፍቷል?» አለች። «ተከፍቷል» አላት።

በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለባለቤቱ ኮራል የምትሸጥላት ሴት ዘንድ ሄደ። ሴትየዋ አየችውና ከንፈሯን መጠጠች።

«አባባ፣ ውሃው ፊት ለፊት ነው የሚመታው?»

«ቀጥ አድርጌ ነው የለቀቅኩለት።»

«እርስዎን ቀንና ሌሊት አንድ ጉንጭዎን ብቻ ነፋስ ቢመታዎት? ባሕር እኮ ቧንቧ አይደለም። ውሃው ይሄዳል ይመለሳል፣ ተጋጭቶ ይበተናል። ይህ የሚኖረው በዚያ ነው። ለዚህ ነው ፓምፖችን የምናፋጥጠው፣ ወይም መስተዋቱን እንዲመቱ የምናዞረው። ቀድሞ እንዴት ነበር?»

ሁለቱ ተፋጥጠው፣ አንዱ መስተዋቱን ይገፋ እንደነበር ያስታውሳል፤ በምን ከፍታ፣ ወደ የትኛው ጥግ እንደነበር ግን አያውቅም። የሌላ ባለሙያ ሥራ ሲፈታ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእርሳስ ምልክት ማድረግ የማይተወው ልማዱ ነው። የሚስቱን ግን ሥራ ብሎ አልቆጠረውም። ምልክት አላደረገም።

ቤቱ ገብቶ በግምት አፋጠጣቸው። አንዱን ጥግ ሲያስተካክል ሌላው ይረበሻል፤ አሸዋው ይቆፈራል፣ ከድንጋዩ ኋላ ቆሻሻ ይጠራቀማል። ስድስቱ ራሶች ነጭ ድንጋይ ሆኑ።

ከዚያ ሐኪሞቹ «ወደ ቤት ውሰዳት» አሉት። ይህ አባባል ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋም። አልጋዋን ሳሎን ዘረጋላት። ገንዳውን ብዙ አየችው።

«ስንት ቀረ?»

«አንድ።»

«በስልክ ሰባት ነበሩ።»

እሷ አልጮኸችም፤ ብትጮህበት ይቀለው ነበር።

«ዘጠኝ ዓመት እዚህ ሶፋ ላይ ተቀምጠህ ዜና ስታይ፣ አንድ ቀን ‹ይሄን ለምን አጣመምሽው?› ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«አሁን ልጠይቅሽ።»

«አሁንማ ትንፋሽ የለኝም፣ ሰውዬ።»

ግን ነገረችው። በቀን አንድ ፓምፕ፣ ከዚያ በላይ አቅም አልነበራትም። መጀመሪያ የግራውን፦ ከውሃው ገጽ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ ወደ ተቃራኒው ጥግ። መስተዋቱ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ። በማግስቱ የቀኙን፦ ትንሽ ቀና ብሎ፣ ሁለቱ ውሃዎች ከኮራሉ በላይ መሃል ላይ እንዲገናኙ፤ አንዱ ሲበረታ ሌላው እንዲለዝብ። «አየህ፣ ይጋጩ። ይጋጩ ተዋቸው» አለችው። አንዷ ራስ እስከ ግማሽ ተከፈተች፤ ጣቶቿ ወዲያ ወዲህ አሉ። ሁለቱም እያዩ ነበር።

«ሦስተኛውስ?»

«ነገ። ደከመኝ።»

ነገ አልነቃችም።

ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቱ ሲቀል ልጁ ስኒ እያጠበች «አባዬ፣ ይሄን ገንዳ ለሚችልበት ሰው እንስጠው» አለችው። ክፉ አስባ አልነበረም።

«አንድ ፓምፕ ቀርቶኛል» አላት።

እጅጌውን ሰብስቦ ሦስተኛውን ፓምፕ ወደ መስተዋቱ አዞረ። የዓሣ ምግብ በጣቱ ቆንጥሮ በተነና ውሃው የማይደርስበትን ሊያውቅ ፍርፋሪው የት እንደሚቆም ተከተለ። ፍርፋሪው ከድንጋዩ ኋላ ተኛ። ፓምፑን ጥቂት ወደ ላይ አነሳው።

«እንዲህ ነው?» ሲል ጮክ ብሎ ጠየቀ።

ልጁ ከማድቤት «ምን አልክ?» አለች። ፍርፋሪው ዞሮ ዞሮ እዚያው ጥግ ገባ። እጁን እንደገና ውሃው ውስጥ ከተተ።