ከታች ጀምረው ያንብቡ

ባለፈው ሳምንት እንጅባራ ቤቴ በረንዳ ላይ ድንች እየላጥሁ ሳለ፣ የልጅ ልጄ «አስተማሪያችን በጣም ደግ ነው፤ አንድም ሰው በፈተና አይጥልም» አለችኝ። «ደግ» የምትለው ቃል እጄን ያዘችኝ።

በደርግ ጊዜ፣ አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስሁ፣ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እዚሁ እንጅባራ አጠገብ ወዳለ ገጠር ተላክሁ። ክረምት ነበር፤ መንገዱ ጫማ ያስቀራል። የምናስተምርበት የቀርቀሃ ዳስ፣ ገበሬዎቹ እርጥብ የበግ ጠጉር ባናቸውን ደርበው ሲገቡ በግ በግ ይሸታል። አብራኝ የተመደበችው ዘነበች የዳንግላ ባለጋሪ ልጅ ናት። አገውኛውንም አማርኛውንም ታቀላጥፈዋለች፤ ምላሷ ግን ሚጥሚጣ ነው።

ከተማሪዎቼ ሁሉ አያ ይርሳውን እወድ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ አባል ናቸው። «የማላውቀውን ወረቀት በአውራ ጣቴ አትሜ የአንዲት ባልቴት ግጦሽ ለሌላ ሄደ» ብለውኛል። «ሁለተኛ አላትምም። ወይ አነባለሁ፣ ወይ ከሸንጎው እወርዳለሁ።»

ታዲያ ሲሳሳቱ አርማቸዋለሁ? በጭራሽ! ሽማግሌ በሰው ፊት እንዴት ይታረማል? እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይከተሉኛል፣ «ጎበዝ!» እላለሁ። ደስ ሲላቸው ትኩስ ቅቅል ድንች ከአዋዜ ጋር ያመጡልኛል። ደግ የሆንሁ ይመስለኝ ነበር።

የዘመቻው ማጠቃለያ ፈተና ሳምንት ሲቀረው ዘነበች ወደ ዳሱ ብቅ ስትል፣ አያ ይርሳው ገጹን እንደ ውዳሴ ማርያም ያንበለብሉታል።

«አያ ይርሳው፣ እስኪ ከታች ጀምረው ያንብቡ» አለቻቸው።

ጣታቸውን የመጨረሻው መስመር ላይ አኖሩና የመጀመሪያውን መስመር አሉት። ለካ ገጹን በቃላቸው ይዘውት ኖሯል። ባናቸውን ተከናንበው ወጡ።

«ሽማግሌ አዋረድሽ!» ብዬ ጮኽሁባት።

«አንቺስ መች አዘንሽላቸው? ይሉኝታ ይዞሽ ነው እንጂ» አለችኝ። «ነገ ሸንጎ ላይ ወረቀት ሲሰጧቸው ማን ቆሞ ያነብላቸዋል?»

ከማግስቱ ጀምሮ በዚያ ጭቃ ማሳቸው ድረስ ትሄድ ጀመር። «ተመለሽ» ቢሏት እምቢ አለች። በሬዎቹ ሲያርፉ ፊደሉን በእንጨት መሬት ላይ እየጫረች፣ በአገውኛ እየተቆጣች አስጠናቻቸው። እኔ ከዳሱ አልወጣሁም። ዛሬም ያሳፍረኛል።

ፈተናውን ወደቁ። ጥቅምት ላይ ግን ሸንጎው ውስጥ «ያትሙ» ተብለው ወረቀት ሲቀርብላቸው፣ ሰው ሁሉ እስኪሰለች ድረስ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና «ይኼ እኛ የፈረድነው አይደለም» ብለው መለሱት።

ስንሰነባበት እኔን «ተባረኪ ልጄ» አሉኝ። ለዘነበች ግን ስማቸውን የጻፉባትን ቁራጭ ወረቀት ሰጧት። በወረቀቷ ቀናሁ። እኔ ፊታቸው እንዳይከፋ ስጠነቀቅ፣ እሷ ለእሳቸው ስትል ክፉ መባልን ችላ ነበር።

የልጅ ልጄ መጽሐፏን ከፍታ አንድ ገጽ ባንድ ትንፋሽ ወጣችውና «ጎበዝ ነኝ አይደል፣ አያቴ?» አለች።

«ጎበዝ» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቢላዋዬን አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«እስኪ የኔ እናት፣ ከታች ጀምሪልኝ።»

አኮረፈች። እኔም ከአጠገቧ አልተነሣሁም፤ ድንቹ ሳይላጥ መሸ።