የጋሽ በየነ ዘጠኝ ሸሚዞች

ባለፈው ሳምንት ዝናብ የመታውን የሥራ ጃኬቴን ይዤ ሳንታ ክላራ ካለ አንድ ልብስ ማጠቢያ ገባሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ሱፍ እየተተኮሰ ነበር መሰለኝ፣ እርጥብ ሱፍ ካውያ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ሞላው። ባለቤቷ ጃኬቱ ለመቼ እንዲደርስልኝ እንደምፈልግ ስትጠይቀኝ እኔ እዚያ አልነበርኩም። በዚያች ሰዓት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ፣ ጋሽ በየነ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ነበር።

ጋሽ በየነ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አዲስ አበባ ሳሉ ፒያሳ አካባቢ ሙሉ ልብስ በመስፋት ስማቸው የተጠራ ነበር አሉ። "አሉ" የምለው እሳቸው ስለራሳቸው ሲያወሩ ሰምቼ ስለማላውቅ ነው፤ የነገረችኝ እናቴ ናት። በሱዳን አድርገው እዚህ ከገቡ በኋላ ግን መቀሳቸውን ሻንጣ ውስጥ ዘግተው፣ መሀል ከተማ ካለ ፓርኪንግ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ለዓመታት ቲኬት ተቀበሉ። ሱቋን የከፈቱት ከእናቴ ፀጉር ቤት አጠገብ ነበር። በር ሲከፈት የልብስ መለኪያው መጋረጃ የሚንሳፈፍባት፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚጠብቅባት ጠባብ ክፍል ናት። መነጽራቸውን በላስቲክ አስረው፣ በጠመኔ ፈንታ በሳሙና ቁራጭ እያሰመሩ፣ ከአሮጌ ቴፕ ዜና እያዳመጡ ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ። ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። የሳምንቱን እኩሌታ አሁንም ፓርኪንግ ነበር የሚውሉት። ሱቋ ዓመት አትሞላም ያላለ ሰው አልነበረም፣ እናቴም ጭምር።

እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምገባው እሳቸው ጋ ነበር። የፀጉር ቤቱ ጨዋታ ለልጅ ጆሮ አይሆንም ተብሎ ነው። ደግሞም ሥራ ነበረኝ፤ ደብዳቤ ማንበብ፣ ስልክ ማንሳት፣ ደንበኛ የሚለውን ማስረዳት። እናቴ ባገኘችው ሰው ፊት "የእኔ ልጅ የማታነበው እንግሊዝኛ የለም" ትል ነበር። እውነት መስሎኝ አመንኳት፣ ጥፋቱም ከዚያ ይጀምራል።

አንድ ቀን ፍራንክ የሚባል ጡረታ የወጣ ፖስተኛ መጣ። ጋሽ በየነ ኮቱን ጠግነውለት፣ የተጠገነበትን ቦታ በጣቱ ፈልጎ ያጣ ሰው ነው። እሱና ጓደኞቹ እሁድ እሁድ ቤዝቦል፣ ኳስ በዱላ የሚመታበትን ጨዋታ፣ የሚጫወቱት በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሕግ ነበር። ጓንት የለ፣ የራስ መከላከያ ቆብ የለ፣ ኳሱን በባዶ እጅ ይቀልባሉ፤ ጣቱ ያልተጣመመ ሰው አልነበረም ከመካከላቸው። በሚያዝያ ሳን ሆዜ ላይ ትልቅ ግጥሚያ ነበራቸውና፣ በዚያ ዘመን አንድ የኦክላንድ ቡድን የለበሰውን ልብስ፣ ቁርጥ እሱኑ፣ ለዘጠኝ ሰው እንዲሰፉለት ፈለገ። በእጁ የያዘው አንድ የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ብቻ ነው። ልብሱ ካማረ ሌሎቹም ቡድኖች እንደሚያሰፉ ነገራቸው። ጋሽ በየነ ሲሄድ በሩ ድረስ ሸኙት፤ ከዚያ ዞር ብለው ይህ ሥራ ከተሳካ ፓርኪንጉን እንደሚተዉ፣ ካልተሳካ ሱቋን እንደሚዘጉ፣ የአየር ጠባይ የሚያወሩ ያህል በረጋ ድምፅ ነገሩኝ።

ቤዝቦል ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር። ማወቅም የፈለጉ አይመስለኝም። ግን የሰው ልብስ በዓይናቸው ሳያዩ ጨርቅ ላይ መቀስ አያሳርፉም። ቅዳሜ ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንደረሱት፣ እኔን አስከትለው ወደ ትልቁ ላይብረሪ ሄዱ። አንዲት ረጅም ሴትዮ ዋናውን ፎቶ በካርቶን ውስጥ አመጡልን። ጢማም ጎረምሶች ናቸው፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ነጭ ቆብ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የጠበበ ሱሪ፣ ደረታቸው ላይ ጋሻ የሚመስል ጠቆር ያለ ጨርቅ። ጋሽ በየነ በማጉያ መነጽር ጎንበስ ብለው አንድ ሰዓት ያህል ቆዩበት። ደብተራቸው ላይ ኮሌታውን፣ እጅጌውን፣ ስፌቱ የሚያልፍበትን መስመር ሣሉ። ቀና ሲሉ የቀራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ የደረቱ ቀለም። የዚያ ዘመን ጋዜጣ ጽፎት ይሆናል ብለው ሴትዮዋ የድሮ ጋዜጣ በፊልም የሚነበብበት ማይክሮፊልም ማሽን ላይ አስቀመጡኝና ወደ ሌላ ሰው ሄዱ።

ማሽኑን እያዞርኩ ገጾቹ ሲሮጡ ዓይኔ ተጭበረበረ። ፊደሉ ከጉንዳን ያነሰ ነው። ያልኖርኩበት ዘመን እንግሊዝኛ ቢያነቡት ቢያነቡት አልገባ አለኝ። ጋሽ በየነ ኋላዬ ቆመው እርሳሳቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ እኔ ደግሞ የማታነበው እንግሊዝኛ የሌለ ልጅ ነኝ። ወደ ፎቶው አየት አደረግሁና፣ "ብላክ ነው የሚለው፣ ጋሼ" አልኩ። እሳቸውም ጻፉት።

ያን ቀን ምንም አልተሰማኝም። ሸሚዞቹ መገጣጠም ሲጀምሩ ሱቋ በሱፍ ሽታና በእንፋሎት ተሞላች። ጋሽ በየነ መጀመሪያ በአቡጀዲ አንድ ናሙና ሰፍተው ፍራንክን አለበሱት፣ ብብቱ ጋ እየያዘው መሆኑን አይተው ፈቱት፣ እንደገና ሰፉት። ከዚያ በኋላ ነው ዋናውን የሱፍ ጨርቅ፣ ፍላኔላውን፣ የቆረጡት። ሲሠሩ ያንጎራጉሩ ነበር፣ ከዚያ በፊት ሲያንጎራጉሩ ሰምቼ አላውቅም።

ግጥሚያው አምስት ቀን ሲቀረው ለትምህርት ቤት ሥራ ላይብረሪ ገባሁ። ሴትዮዋ አወቁኝ። በዚያ ዘመን ፎቶ ሲነሳ ቀይ ጨርቅ ጠቁሮ፣ ሰማያዊው ነጥቶ ይወጣ እንደነበረ ሳይነግሩን መቅረታቸው ሲቆጫቸው እንደሰነበተ ነገሩኝ። ደግነቱ ጋዜጣውን አንብበሻል አሉ። አላነበብኩም ለማለት አፌ እንቢ አለኝና፣ አብረን ደግመን እንድናየው ለመንኳቸው። ሩብ ሰዓት አልፈጀባቸውም። ቀይ ነበር። ነጩ ቆብ ሳይቀር ተጽፎ ነበር፣ ደረቱም ደማቅ ቀይ።

ሁለት ቀን በሱቋ በር ሳላይ አለፍኩ። ራሴን አሞኛል ብዬ እናቴን ዋሸሁ፤ አንዱ ውሸት ሌላውን ይወልዳል እንዴ ብዬ ደግሞ አለቀስኩ። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ በመስኮቱ ዘጠኙ ሸሚዞች ተሰቅለው አየኋቸው፣ ዘጠኙም ደረታቸው ጥቁር። ገባሁ። ጋሽ በየነ በአማርኛ ሲያናግሩኝ ሁልጊዜ እንግሊዝኛ ቀላቅዬ ነበር የምመልስላቸው። ያን ቀን ግን እንግሊዝኛው አልመጣልኝም።

"ጋሼ፣ ጋዜጣውን አላነበብኩትም። ከራሴ ነው የነገርኩዎት። ቀይ ነው።"

ካውያውን ማረፊያው ላይ አቆሙት። ቴፑን አጠፉ። የእናቴ የፀጉር ማድረቂያ በግድግዳው በኩል ሲጮህ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ አንዱን ሸሚዝ ከመስቀያው አወረዱና የደረቱን ጠርዝ ያዙ። ጠርዙን ይዞ የሚዞር የትንንሽ ቁልፍ ረድፍ ነበረው። እኔ ጌጥ መስለውኝ ነበር። አንድ በአንድ ፈቷቸው፣ ጥቁሩም ጨርቅ ሙሉ በሙሉ ተለይቶ እጃቸው ላይ ቀረ። ከሥሩ ያለው ሸሚዝ ንጹሕ ነጭ ነው። ፎቶው ላይ እኔ ቀለሙን ስገምት እሳቸው ቁልፎቹን ቆጥረው ነበር። ያን ዘመን ደረቱ ተለጥፎ የሚሰፋ ሳይሆን የሚቆለፍ መሆኑን አይተው፣ እንዳዩት ሰፍተውታል። የሚለወጠው ዘጠኝ ቁራጭ ጨርቅ ብቻ ነበር።

እኔ ቀሪዎቹን ሸሚዞች ከመስቀያው ማውረድ ጀመርኩ። እሳቸው ግን ስልኩን አንስተው ራሳቸው ለፍራንክ ደወሉ። በዚያ በተሰባበረው እንግሊዝኛቸው ቀለሙን የተሳሳቱት እሳቸው እንደሆኑ፣ ልብሱ ቅዳሜ ማታ እንጂ ጠዋት እንደማይደርስ ነገሩት። ስሜን አላነሱም። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሂሩቴ፣ ካላየሽ አላየሁም በይኝ። አላየሁም ካልሽኝ መላ እፈልጋለሁ። ያላየሽውን አየሁ ካልሽኝ ግን እኔ በምን ልቁረጥ?"

ይኸው ነው፣ ሌላ ቁጣ አልነበረም። መኪናቸው ውስጥ አስገብተውኝ፣ መደብሩ ሳይዘጋ ለመድረስ እየተጣደፍን፣ ቀይ ፍላኔላ ፍለጋ ኮንኮርድ ድረስ ሄድን። መንገዱን ሁሉ በመስኮት እያየሁ፣ ሸክም የወረደልኝ ያህል ሳቄ ይመጣ ነበር፣ ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቁኝም። አርብና ቅዳሜ የቀዩን ጨርቅ የቁልፍ ቀዳዳዎች የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ጣቴን ስንት ጊዜ መርፌ እንደወጋኝ ጣቴ ይመስክር።

እሁድ ሳን ሆዜ ሜዳው ላይ ዘጠኙ ሰዎች ተሰልፈው ሲወጡ ሰዉ አጨበጨበ። ጋሽ በየነ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሚያዩት ጨዋታውን ሳይሆን የተጫዋቾቹን ትከሻ ነበር፣ ሲሮጡ ስፌቱ እንዳይይዛቸው። ጨዋታውን ተሸነፉ። የተቃራኒው ቡድን አለቃ ግን ከመሄዱ በፊት መጥቶ የፍራንክን እጅጌ ገልብጦ አየና ይህን የሰፋው ሰው የት እንዳለ ጠየቀ። በዚያው ወር ጋሽ በየነ የፓርኪንጉን ዩኒፎርም አጥበው፣ ተኩሰው መለሱ። ሱቋም እኔ ኮሌጅ ከጨረስኩ በኋላ እንኳ ነበረች።

ከሦስት ዓመት በፊት ልጃቸው ቤት ዐረፉ። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ሳልነግራቸው፣ ሳልጠይቃቸው እያለ ሲያዝን እኔም አለቀስኩ፣ ከልቤ። ግን ለእሳቸው ሳልነግራቸው የቀረ ነገር አልነበረኝም። ይህን ሳስብ ደረቴ ቀለል አለኝ።

ዛሬ ሳን ሆዜ አንድ ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ አንዲት አማርኛ የሚናገሩ ኤርትራዊት እናት ሕመማቸውን በማላውቀው የትግርኛ ቃል ነገሩኝ። ሐኪሙ ብዕሩን ይዞ እየጠበቀኝ ነው። ያ የልጅነት ኩራቴ ዛሬም ብቅ ማለቱን አልተወም፣ አንዱን ቃል አንስተሽ በይለት ይለኛል። ለሐኪሙ ትንሽ እንዲታገሠኝ ነገርኩትና ወደ እሳቸው ዞርኩ።

"እማማ፣ አሁን ያሉኝን አላወቅሁትም።"

እሳቸውም ቅር ሳይላቸው እጄን ያዙና ጎናቸው ላይ፣ ከመጨረሻዋ የጎድን አጥንት ሥር፣ የሚያማቸው ቦታ ላይ አስቀመጡት።